«ሥራ ፈት መሬት» ያለው የማንን መሬት ነው?

የመተማው፦ ትናንት ስልጠና ተጠርተን ሄድን። አሰልጣኙ ገና ከመቆሙ «በጥጥ መስመር መሃል ያለው ሥራ ፈት መሬት ነው፣ ማሾ ዝሩበት» አለን። ሥራ ፈት! ሐምሌ ላይ መጥቶ አንድ ቀን ቢያርም ማን ሥራ ፈት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አግሮ፦ ኩርፊያውን ተወው ወንድሜ። በመስመሮቹ መሃል 90 ሳንቲሜትር አለ። ጥጡ ተንሰራፍቶ እስኪሸፍነው ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ ቦታውን የሚበላው አረም ነው። ማሾ ደግሞ በ70 ቀን አካባቢ ይደርሳል። ሒሳቡ ይኸው።

የመተማው፦ ሒሳቡን ልጨርስልህ። ሐምሌ 1 ብዘራ፣ ጳጉሜን ጨምረህ 70ኛው ቀን መስከረም 6 ነው። እኛ ጋ ያኔ ዝናቡ መች ወጣ? የደረሰው ማሾ እዛው ተክሉ ላይ ሆኖ ያጎነቁላል። ልልቀም ብትል ዋልካው ጫማህን ይቀበልሃል።

ካራት፦ ኮንሶ ውስጥ ጥጥ፣ ማሽላና የእርግብ አተር አንድ እርከን ላይ አብረው ኖረዋል። ያውም በዝናብ። ማንም ስልጠና አልጠራንም።

የመተማው፦ ኮንሶን አከብራለሁ። ግን እናንተ ጓሮ የምታክል እርከን ላይ በእጅ የምትሠሩትን እኔ በትራክተር ሜዳ ላይ ልድገመው?

ካራት፦ «ጓሮ የምታክል»? ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበውን ነው ጓሮ የምትለው?

ሸማ ለባሽ፦ ሰሊጥ ዝሩና ተገላገሉ።

አግሮ፦ ከርዕስ አትውጡ እባካችሁ። ማሾ ናይትሮጅን ከአየር ስቦ ለአፈሩ ይሰጣል። ዩሪያ ስንት እንደገባ እያያችሁ ነው?

የገንዳ ውሃዋ፦ ይሰጣል፣ ግን ለዚያው ዓመት ጥጥ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ብዙው ከፍሬው ጋር ተለቅሞ ይሄዳል። ገለባውንም ለከብት ከሰጠኸው ለከርሞ ምን ቀረ? ደግሞ ርጭቱን ማንም አላነሳም። ለጥጥ ትል የሚረጨው መድኃኒት ማሾውን ዘሎ ያልፋል? እኛ ሰፈር አንዷ ጥጡ በተረጨ በሳምንቱ ለቅማ ንፍሮ ቀቅላ አቀረበችልን። እጄን ሰብስቤ ወጣሁ።

አግሮ፦ እሱ ላይ ልክ ነሽ እህቴ። ማሾው እስኪለቀም አለመርጨት ነው።

የመተማው፦ ትሉ በቀጠሮ ነው እንዴ የሚመጣው?

አግሮ፦ እሺ ሁሉንም አትዝራ። ጥግ ላይ ጥቂት መስመር ሞክር።

የመተማው፦ እሞክራለሁ። ከከሰርኩ የሚከፍለኝ ማነው፣ አሰልጣኙ? አበሉን ተቀብሎ ሄዷል።

ካራት፦ ጓሮ ያልከውን አሁንም አላነሳህም።

የመተማው፦ አነሳሁ፣ ይቅርታ። ሥራ ፈት ያለኝ ሰውዬ ግን አላነሳም።

ሸማ ለባሽ፦ ሰሊጥ አልኳችሁ።