ክርክር፦ ከመሬት በታች ድብቅ ዓለም አለ የሚል ልብወለድ ለተማሪ ይሰጥ?

አወያይ፦ መነሻችን ይህ ነው። ልጆች በጉድጓድ ወይም በዋሻ ገብተው ከመሬት በታች የተደበቀ ዓለም የሚያገኙባቸው የጀብድ ልብወለዶች፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ተማሪዎች በተዘጋጀ የንባብ ዝርዝር ይካተቱ ወይስ አይካተቱ? ሐሳቡን ተቹ፣ ሰውየውን ተዉት።

የጂኦግራፊ መምህር፦ አይካተቱ። ከምድር ገጽ እስከ እምብርቷ በአማካይ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው በቁፋሮ ወደ ታች የዘለቀው ራሽያ ውስጥ፣ ኮላ ልሳነ ምድር ላይ፣ 12,262 ሜትር ነው። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እዚያ ታች ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ ቁፋሮውን አላላውስ አለ። በልብወለዶቹ ግን ልጆቹ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ቁልቁል ይወድቃሉ፤ ሲደርሱ ሹራባቸውን እንኳ አያወልቁም። ይህን ያነበበ ተማሪ «ቲቸር፣ መሬት ውስጧ ባዶ ነው አይደል?» ይለኛል።

አርታኢ፦ ቢልህስ? ጥያቄ ይዞ መጣልህ እኮ! ጅራታም ኮከብ በስሙ የሚጠራለት ኤድመንድ ሃሊም እ.ኤ.አ. በ1692 ምድር አንዱ በሌላው ውስጥ የተሸፈኑ ቅርፊቶች እንዳሏት፣ በመካከላቸውም ክፍት ቦታ እንዳለ ሐሳብ አቅርቧል። የኮምፓስ መርፌ አቅጣጫ ከዘመን ዘመን ለምን እንደሚለዋወጥ ግራ ገብቶት ነው። ዡል ቨርን እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው የምድር እምብርት ጉዞ ልብወለድ ደግሞ አንተ አሁን ያነሳኸውን ተቃውሞ የሚያነሳው ራሱ ተራኪው ነው። ወጣቱ ስለ ሙቀቱ ከፕሮፌሰር አጎቱ ጋር አጥብቆ ይከራከራል። ጸሐፊው ሳይንሱን አልደበቀም፣ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር አታገለው።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ሃሊ በእጁ ልኬት ነበረው፤ ከልኬቱ ተነሥቶ ነው የተሳሳተው። ቨርንስ ይሁን። ስንቱ ጸሐፊ ነው እንደሱ የሚለፋው? አብዛኛው «አስማት ነው» ብሎ ያልፋል።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔን ያስጨነቀኝ ሙቀቱም ቅርፊቱም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ ውስጥ 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ዋሻ እንደገቡ ጎርፍ ዘጋባቸው። ሁሉም በሕይወት ወጡ፤ ነገር ግን አየር ለማድረስ የገባ ጠላቂ እዚያው ቀረ። ዓለም በሙሉ የተረባረበበት ነበር። በመጽሐፉ ግን ልጅ ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይወጣል፣ እንደ ጀግናም ይጨበጨብለታል። የኔዎቹ ጉድጓድ ሲያዩ ምን እንዲያስቡ ነው የሚፈለገው?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ እመቤቴ፣ ስጋትዎን አላቃልልም። እነዚያ ልጆች ግን ወደ ዋሻው የሄዱት ከእግር ኳስ ልምምድ በኋላ እንጂ በልብወለድ ተገፍተው አይደለም። ልጅ ጉድጓድ ውስጥ አንገቱን የሚያስገባው መጽሐፍ ነግሮት አይመስለኝም። የኔ መለኪያ ሌላ ነው፦ በዚያ ድብቅ ዓለም ነገር ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል ወይ? መብራቱ ያልቃል? ውሃው ይሞላል? መንገድ የሳተ ልጅ ይራባል? ይህ ያለበት መጽሐፍ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ በላይ ዋሻን ያስከብራል። የሌለበትን እኔም አላስገባውም።

አርታኢ፦ ልክ ነው፣ እኔም ረቂቅ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ይበላሉ?» ብዬ ነው። ፀሐይ የለም፣ ስለዚህ እህል የለም። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች እዚህ ጋ ይደናገራሉ። የሚያሳዝነው፣ መልሱን ከእነሱ ምናብ ይልቅ ተፈጥሮ አሳምራ አዘጋጅታላቸዋለች። ሩማንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የተገኘው ሞቪል ዋሻ ከላይኛው ዓለም ተዘግቶ የኖረ ነው። እዚያ የምግብ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከፀሐይ ሳይሆን ከውሃው ውስጥ ድኝ አዘል ጋዝ ኃይል ከሚያወጡ ባክቴሪያዎች ነው፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ ፍጥረታት በዚያ ላይ ይኖራሉ። መምህር፣ ይህን ይዞ የተነሣ ልብወለድ ቢመጣልህ ትከለክላለህ?

የጂኦግራፊ መምህር፦ እሱን ራሴ እገዛዋለሁ። ግን አምጣውና እንየው። ቱርክ ያለችውን ደሪንኩዩንም ጨምርበት። ወደ 85 ሜትር ጥልቀት የሚወርድ ከተማ ነው፤ የአየር መተንፈሻ ጉድጓድ፣ ከውስጥ ተንከባሎ የሚዘጋ ክብ የድንጋይ በር አለው። ይህን የመሰለ እውነት እያለ የሚያበራ ክሪስታልና የሚናገር አይጥ ምን ያደርጋል?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ አይጡን ተወው፣ ምን በደለህ። ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅ ቀበሮ እንደማታወራ አሳምሮ ያውቃል።

የ13 ዓመት አንባቢ፦ ይቅርታ፣ እኔም ልናገር? ስለ እኛ ስትከራከሩ ማንም አልጠየቀንም። መሬት ባዶ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከታች የሚኖሩት ሕዝቦች ሁልጊዜ የገረጡ፣ ፈሪና ክፉ ናቸው፤ ወይም ደግሞ ለሺህ ዓመት «ከላይ የሚመጣ ልጅ ያድነናል» ብለው ቁጭ ብለዋል። እዚያው የተወለደ ልጅ ለምን ራሱ ዋና ገጸ ባሕርይ አይሆንም? መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

አርታኢ፦ እሰይ! ይህን እኔ ማንሣት ነበረብኝ። ሙቀቱን ማንም ሕፃን በሁለተኛው ቀን ይረሳዋል። «እነዚያ ጨለማ ውስጥ ያሉት ከእኛ ያነሱ ናቸው» የሚለው ግን ሳይታወቀው አብሮት ያድጋል። ለዝርዝሩ ማጣሪያ ካስፈለገ እዚህ ጋ ይጥበቅ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጄ፣ ጎበዝ ነህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከምርህ መልስልኝ። አንብበህ ስትጨርስ ዋሻ መግባት አላማረህም?

የ13 ዓመት አንባቢ፦ አምሮኛል። ግን መጽሐፉ ውስጥ ባትሪያቸው ያለቀበት ምዕራፍ ነበር፤ እሱን ካነበብኩ በኋላ ብቻዬን አልገባም። ከትልቅ ሰው ጋር፣ በገመድ ከሆነ እገባለሁ። እርስዎ ይዘውኝ ይገባሉ?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ? በጭራሽ! ዝርዝሩ ግን ከ9 ሳይሆን ከ11 ዓመት ይጀምር፤ በዚያ ላይ አልደራደርም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ከ9 ዓመት ጀምሮ ይካተት፤ ለታናናሾቹ ግን ጮክ ተብሎ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ይነበብ። እመቤቴ፣ በዚህስ ይስማማሉ?

የሁለት ልጆች እናት፦ አንባቢው ማን እንደሆነ ይነገረኝና እመልሳለሁ።