እድር ከአባላቱ ውጭ ላሉ ችግረኞች ገንዘብ ማውጣት ይችላልን?

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦
የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ የምገኝበት እድር ድንኳኑንና ወንበሩን አሟልቶ፣ የቀብር ክፍያውንም ሳያጓድል እየከፈለ ጥቂት ገንዘብ በባንክ ለማስቀመጥ በቅቷል። በቅርቡ በተደረገው ስብሰባ አንዳንድ አባላት ከዚህ ተቀማጭ ላይ ተነሥቶ፣ ከከፋ፣ ከዳውሮና ከኢሉባቦር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ታማሚ ይዘው መጥተው ሞት ሲያጋጥማቸው አስከሬን ወደ አገራቸው መመለሻ ለሚያጡ ቤተሰቦች ይዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎች ደግሞ «የእድር ገንዘብ የአባል ነው» ብለው ተቃወሙ፤ ጉዳዩም ለጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል። እኔ ለሐሳቡ ባደላም የተቃዋሚዎቹን ክርክር ንቄ ማለፍ አልፈልግም። ሕጉስ ይፈቅዳልን?

መልስ (የእድር ጸሐፊ፣ ቦሳ ቂጦ)፦
ወንድሜ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በዚያ አዋጅ የሚጠየቀው ግዴታ እናንተን አይመለከትም። መጀመሪያ መታየት ያለበት የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ዓላማው የአባላት መረዳዳት ብቻ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ሥራ አስፈጻሚው በራሱ ሥልጣን አንድ ብር እንኳ ወደ ውጭ ማውጣት የለበትም። ደንቡ በጉባኤ ይሻሻል፣ ቃለ ጉባኤም ይፈረምበት።

መልስ (ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ)፦
በእኔ አስተያየት ክርክሩን ያከረረው ገንዘቡ ከተቀማጩ ይውጣ መባሉ ነው። ተቀማጩ ለረጅም ዓመታት ያዋጡና ዛሬ ዕድሜያቸው የገፋ አባላት «በእኔ ቀን ይደርስልኛል» ብለው ያስቀመጡት አደራ ነው፤ በአንድ ክረምት ተከታታይ ኀዘን ቢደርስ የሚሸፈነውም ከዚሁ ነው። ይህን ሳይነኩ ሌላ ሣጥን መክፈት ይቻላል። ለምሳሌ 200 አባላት ያሉት እድር ከየአባሉ በወር 5 ብር ለይቶ ቢይዝ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። መዋጮው በፈቃደኝነት፣ የባንክ ደብተሩ የተለየ፣ ደረሰኙም ለብቻው ይሁን፤ የዕለት ገቢ የሌላቸውና ቡና ጠብቀው የሚኖሩ አባላት ደግሞ የዓመቱን በአንድ ጊዜ፣ ከለቀማ በኋላ ቢከፍሉ ይቀላቸዋል። በዚህ መንገድ የማይፈልግ አባል ሳይገደድ፣ የሚፈልገውም ሳይከለከል ይቀራል። ወጪውን ግን ገንዘብ ያዡ ብቻውን እንዳይፈርምበት አደራ እላለሁ፤ ብዙ እድር የታመሰው በክፋት ሳይሆን በአንድ ፊርማ ነው።

መልስ (መንደራ)፦
እኔ አልስማማም። የሩቁን ከመፈለጋችን በፊት፣ መዋጮ አቅቷቸው ስማቸው ከመዝገብ የተሰረዘ ጎረቤቶቻችን የት አሉ? ጠዋት ጥሩምባ ሲነፋ ለሰው ቀብር ይወጣሉ፤ በእነሱ ቀን ግን ድንኳኑ አይተከልም። ትርፍ ገንዘብ ካለ የእነዚህ ውዝፍ ይነሣላቸው፤ ቀጥሎም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ ለማይችሉት ይከፈልላቸው። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ዞናችን ያለው ሊሙ ኮሳ ነበር፤ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው ሳይሞት ማሳከሙ አስከሬን ከመሸኘት ይቀድማል ባይ ነኝ።

መልስ (በጤና ሙያ ላይ ያለሁ)፦
የመንደራው ወንድማችን ስለተሰረዙት ያነሡት እውነት ነው፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይመስለኝም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ብዙ ሰው ሲጨርስ በልዩ ልዩ ከተሞች ያሉ እድሮች ከመቅበር አልፈው ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። አሁን ስለተነሣው ጉዳይ የምጨምረው፣ ገንዘብ በእጅ ከመስጠት ይልቅ እድር የሚያውቀውን ሥራ ቢሠራ ይሻላል የሚል ነው። ከተማውን የማያውቅ፣ አንዳንዴም ቋንቋው የሚያስቸግረው ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚያጣው አብሮት የሚቆም ሰው ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች ሟቹን ሳያዘገዩ እዚሁ መቅበርን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መኪና ሳይሆን ከፈን፣ የመቃብር ቦታና ቀባሪ ነው። አስከሬን የሚወስድ ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ የመኪናው ኪራይ በቀጥታ ለባለ መኪናው ተከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ። ማን በእርግጥ እንደተቸገረ ለመለየትም የሆስፒታሉን ማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ማማከር ይጠቅማል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተለየ ሣጥን የሚለውን ሐሳብና የተሰረዙትን አባላት ጉዳይ አንድ ላይ አቀርባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ውዝፍ ያለበት አባል በደንብ ማሻሻያው ላይ ድምፅ ይሰጣልን?

የእድር ጸሐፊ፦
በእኛ ደንብ አይሰጥም፤ የእናንተ ዝም ካለ ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጉባኤው በዚሁ ላይ ይወስን፤ አለበለዚያ ውጤቱን ያልወደደ ሁሉ በኋላ ያነሣዋል።