ፈጣሪ ካተረፈን በኋላ ሹፌሩን መክሰስ ነውር ነው?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰባችን ለሁለት የተከፈለበትን ጉዳይ ላቅርብላችሁ። እህቴ ከሁለት ልጆቿና ከእናታችን ጋር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደች ነበር። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ ፍሬን በጠሰ። ሹፌሩ ገደሉን ትቶ ወደ ተራራው በኩል አዙሮ አላተመው። የሞተ የለም። የትንሹ ልጅ ክንድ ተሰብሯል። እናቴ ግንባሯ ተሰፍቷል። ሌላው ሰው በጭረት ተርፏል።

አሁን የሹፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ልከዋል። “እግዜር አትርፏችኋል፤ ምስጋናችሁን በክስ አታበላሹት” ነው የሚሉት። እናቴ ለግሸን ማርያም ጥላ ተስላለች። ይቅር ካላልኩ ስለቴ አይሰምርም ትላለች። የእህቴ ባል ቤተሰቦች ሙስሊሞች ናቸው። እነሱም ሰደቃ እናውጣና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ ባይ ናቸው። እህቴ ግን የልጇን ጄሶ ባየች ቁጥር አልዋጥልሽ ብሏታል። “ተመስገን ማለትና ዝም ማለት አንድ ነው ወይ?” ትላለች። ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሐጂ ከሸዋ በር፦
አብሽሪ ልጄ። እንኳን አላህ አተረፋቸው። እኔ ሽምግልና ላይ ነው ያረጀሁት። እኛ አገር መኪና ሰው ሲጎዳ ከፋይሉ ቀድሞ የሚደርሰው ሽማግሌ ነው። አባቶቻችን ሕግ ስለማያውቁ አይደለም። ሹፌሩና ተሳፋሪው ነገ አንድ ገበያ፣ አንድ ለቅሶ ላይ ስለሚገናኙ ነው። ልጁ ደግሞ ሆን ብሎ አላደረገውም። ገደሉን ትቶ ተራራውን መምረጡን አትርሱበት። አላህ እናንተን ሲያተርፍ እሱንም አብሮ አትርፎታል። ሰደቃችሁን አውጡ፣ ምስኪን አብሉ፣ ልጁን ይቅር በሉት። “ብታመሰግኑ እጨምርላችኋለሁ” ይላል ቁርኣኑ።

የሆጤ ልጅ፦
ሐጂ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። ግን “አላህ አወጣን” እያልን ስንቱን አለፍን? እዚህ መስመር ላይ የሚሠሩትን ሚኒባሶች ይዩዋቸው። ኋላ መስታወቱ ላይ “ፈጣሪ ይጠብቀን” የሚል ጥቅስ ተለጥፏል። ጥቅሱ አዲስ ነው፣ ጎማው ሊሾ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የተረፉት በዕድል ነው። መሪው ወደ ሌላ በኩል ትንሽ ቢዞር ዛሬ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ክሰሱ።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦
ዕድልም ሽምግልናም ከማለታችን በፊት መኪናው ምን ሆነ የሚለውን እንይ። ይህን መንገድ ስወጣ ስወርድ ነው የኖርኩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ ማለት ነው። ያውም መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ከፊትህ ደግሞ ከጅቡቲ መስመር ጭኖ የሚወጣ ከባድ መኪና አለ።

“ፍሬን በጠሰ” ሲባል ሰው ክር የተቆረጠ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው። ከባድ ማርሽ ታስገባለህ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልሃል። ፍሬኑን የምትነካው ለእገዛ ያህል ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ የሚለቅ ግን አለ። ያኔ የመኪናውም የሰዉም ክብደት ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፍሬኑ ሸራ ይግላል። መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ተሳፋሪው አፍንጫውን ይይዛል እንጂ አይጠይቅም። ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ውስጡ አረፋ ይሠራል። ስትረግጠው የሚገፋህ ነገር የለም፣ እግርህ እስከ ወለሉ ይሄዳል። አሁን ማርሽ ላስገባ ብትል መኪናው ፈጥኗል፣ አይቀበልህም። የቀረህ ተራራው ብቻ ነው። ልጁ ተራራውን ማግኘቱ ጎበዝ ያሰኘዋል። እዚያ ድረስ እንዴት ደረሰ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

እህቴ፣ እነዚህን ጠይቂልኝ። በማርሽ ነበር በፎሌ? ትርፍ ጭኖ ነበር? ሸራው የተቀየረው መቼ ነው? ሽታ ነበር?

ዲያቆኑ፦
ሹፌሩ ወንድማችን ያነሳው ነገር ከእምነትም ጋር ይሄዳል። ጌታ ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ሆኖ “ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል” ሲባል “ጌታን አምላክህን አትፈታተነው” ነው ያለው። መላእክት አይይዙኝም አላለም። በፎሌ ለቅቆ “በስመ አብ” ማለት ይኸው መፈታተን ነው።

የእናትሽን ስለት በተመለከተ ደግሞ አይጨነቁ በያቸው። ስለቱ በእሳቸውና በእመቤታችን መካከል ነው። መስከረም 21 ግሸን ይወጣሉ፣ ጥላቸውን ያስገባሉ። ፋይል ተከፈተም አልተከፈተም ጥላው ጥላ ነው። የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁም ይህንኑ የሚነግሯቸው ይመስለኛል።

ሐጂ ከሸዋ በር፦
እኛም ጋ “ግመልህን እሰርና ከዚያ በአላህ ተመካ” የሚል አለ። እሱ ላይ አልከራከርም። እኔ የምለው ስለ ልቡና ነው። ከሞት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ተበዳይ መሆንን ከሆነ ምስጋናው ከየት ይመጣል?

ነርሷ፦
ሐጂ፣ እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው በየዓመቱ የማየው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ፍም የቀረበትን ማንደጃ ይዞ መኝታ ቤት የሚገባ ቤተሰብ ሞልቷል። በር ሥር ጨርቅ ይወተፋል፣ መስኮት ይዘጋል። ጭሱ ስላለቀ ፍሙ የማይጎዳ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በልጦ ከደም ጋር ይጣበቃል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የተኛ ሰው ዝም ብሎ ይቀጥላል።

አንድ ሌሊት አንድ ቤተሰብ በሙሉ መጣብን። ሕፃኗ አልቅሳ እናቷን ስላነቃቻት ነው በሩ የተከፈተው። ሁሉም ተረፉ። ሲወጡ አያትየው ደጁ ላይ ተንበርክከው መሬት ሳሙ። እኔም እንባዬ መጣ። ከዚያ ትልቋ ልጅ ስልክ ላይ “ለማታ ከሰል አለን?” ስትል ሰማኋት።

አያትየው አላመሰገኑም አልልም። ከልባቸው ነበር። ግን እኔ የቤቱን ምስጋና የማየው ማንደጃው ማታ የት እንዳደረ ነው። የእህትሽም ነገር እንደዚያው ነው። ጥፋቱ ምን እንደነበር ሳይታወቅ የሚበላ ሰደቃ ለኔ አይገባኝም።

የሆጤ ልጅ፦
ነርሷ ጨረሰችው።

ሐጂ ከሸዋ በር፦
አልጨረሰችውም። ማንደጃ ማውጣትና ሰው ማሳሰር አንድ አይደለም። ማንደጃው ልጅ የለውም።

የሳላይሽ እናት፦
እስካሁን ዝም ብዬ ነበር የማነበው። ወንድሜን ያጣሁት በዚሁ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ልበል፣ ቅር አትሰኙብኝ።

አንደኛው፣ “ጸልየን ስለወጣን ነው የተረፍነው” የሚለውን ነገር ተዉት። በዚህ ክርክር ውስጥ ማንም አላለውም፤ ለቅሶ ቤት ግን እሰማዋለሁ። እናቴ ወንድሜን ደጅ ድረስ ሸኝታው፣ መርቃው ነው የሄደው። ጸሎቷ ያነሰው ምን ነበረው? እንዲህ ያለ ንግግር የሰማች ቀን እንጀራ አልወረደላትም።

ሁለተኛው፣ ወንድሜ የተሳፈረበት መኪና ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ተጋጭቶ ነበር። ያን ጊዜ ሰው አልሞተም። በሽምግልና አለቀ፣ የተረፉትም ድግስ ደገሱ። ይህን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ደስ ብሎኝ እደግስ ነበር። ግን ይቅርታ የምታደርጉት በራሳችሁ ድርሻ ነው። ከእናንተ በኋላ በሚሳፈረው ሰው ድርሻ ላይ ይቅር ማለት አትችሉም።

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናትሽን ያጽናልሽ። የተናገርሽው ወንጌል ውስጥ አለ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰዎች ሲሞቱ ጌታ “ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? አይደለም” ነው ያለው። ሉቃስ 13 ላይ አለ። የተረፈ ሰው ተመርጦ ነው ብሎ ማስተማር ስህተት ነው። እኛ ሰባኪዎቹም ብንሆን መድረክ ላይ ስንሞቅ እዚያ ውስጥ እንገባለን።

አንድ አባል፦
ሁለቱንም አድርጉ፣ ድግሱንም ክሱንም። ምን ያጨቃጭቃል?

የሆጤ ልጅ፦
ሽማግሌ ፊት ተቀምጠህ “ሁለቱንም” በላቸውና ምን እንደሚሉህ ታያለህ።

የፒያሳዋ፦
ይኸው ጠይቄ መጣሁ። ሽታ ነበር። እናቴ ናት የሰማችው። ረዳቱን “ምን ይሸታል ልጄ?” ብላዋለች። “የውጭ ነው እማማ፣ ቆሻሻ እያቃጠሉ ነው” አላት። እሷም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ትርፍ ጭኖ ነበር፤ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። በፎሌ ይሁን አይሁን እህቴ አታውቅም።

ሌላም ነገር ሰማሁ። የሹፌሩ ሚስት ትናንት ልጇን አዝላ ቤት መጥታ ነበር። ብርቱካን ይዛ። እህቴ ቡና አፈላችላት። እያለቀሰች የነገረቻት፣ ባሏ ሸራው እንዳለቀ ለመኪናው ባለቤት ነግሮት ነበር። ባለቤቱ “እስከ ወሩ መጨረሻ ግፋው” አለው። መኪናው ቆመ ማለት የቀኑ ገቢ ቀረ ማለት ነው። እሱም እንቢ ቢል ነገ ቁልፉ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። እሁድ ከሚመጡት ሽማግሌዎች ጋር ግን ባለቤቱ የለም። ስሙም አልተነሳም።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦
ይኸው ነው። ገቢ የማይሞላ ሹፌር ቤቱ አይገባም። ትርፉንም የሚጭነው፣ ፎሌውንም የሚለቀው ለዚያ ነው። ልጁን ነፃ ላወጣው አይደለም። ሽታው ሲመጣ ዳር ይዞ ማቆም ነበረበት፣ ሸራው እስኪቀዘቅዝ። ሰው ይጮህበታል፣ ይጩህበት። ግን ሽማግሌ የላከው ሹፌሩ ብቻ ከሆነ ይቅርታ የምትጠየቁት በድሃው በኩል ብቻ ነው።

ሐጂ ከሸዋ በር፦
ይህማ ሽምግልና አይባልም። በደለኛው ሳይመጣ፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ ካሣውን ሳይዝ ማን ማንን ያስታርቃል? ሽምግልናን መደበቂያ ያደረጉት እንዲህ ያሉ ናቸው። ልጄ፣ ሹፌሩን ይቅር በሉት፤ በዚህ አቋሜ ነኝ። ሽማግሌዎቹን ግን “ባለ መኪናውን ይዛችሁ ኑ” ብለሽ መልሺያቸው። ነውር የለበትም። እኔ ብሆን ራሴ እመለስ ነበር።

የሆጤ ልጅ፦
ባለቤቱ መጥቶ አምስት ሺህ ብር ቢሰጥና መኪናው ያው ቢሆንስ? ሐጂ፣ ካሣ ሸራ አይቀይርም። ፋይሉ ሲዘጋ መኪናውን የሚመረምረው ማን ነው?

ሐጂ ከሸዋ በር፦
ታዲያ እርቁ ላይ ይጻፋ። መካኒክ አይቶት፣ ወረቀት ይዞ እስኪመጣ ሰው አይጭንም ተብሎ። በበጉ ፊት ይማል።

የሆጤ ልጅ፦
በበጉ ፊት ምሎ ማታ የሚረሳ ስንት አለ። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ይማል።

ነርሷ፦
የልጁ ክንድስ? ጄሶው ሲፈታ ተመልሶ መታየት አለበት። የሕፃን አጥንት ቶሎ ይጠግማል፤ ተጣሞ ከጠገመ ግን ችግር ነው። ክርክሩ ላይ ሆናችሁ ቀጠሮው እንዳያልፋችሁ።

የሳላይሽ እናት፦
መኪናው አሁን የት ነው ያለው?

አንድ አባል፦
ታርጋውን ልታውቂ ትችያለሽ? ግን እዚህ አትጻፊው።

የፒያሳዋ፦
ታርጋው አለኝ፣ አልጽፈውም። መኪናው ጋራዥ ገብቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን ልጅ መናኸሪያ አየሁት አለኝ። ጎኑ ተቀጥቅጧል፣ ገና ቀለም አልተቀባም። “ኮምቦልቻ” እየተባለ ሰው ይጠራበት ነበር። የሚነዳው ሌላ ልጅ ነው።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦
ሸራው ተቀይሯል?

የፒያሳዋ፦
ማን ያውቃል። ለእህቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ነገ ጠዋት ትራፊክ ጽሕፈት ቤት አብሬያት እሄዳለሁ። እናቴ ተቆጥታለች፤ “እሁድን ጠብቁ” ትላለች። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ እንቀበላቸዋለን፣ ቡናውም ይፈላል። ሹፌሩን ይቅር የማለቱን ነገር እህቴ ትወስን። ሐጂ፣ ባለ መኪናውን በሚመለከት ግን የነገሩኝን ቃል በቃል ነው የምላቸው።