አራቱም 74 ይመዝናሉ፤ ታዲያ ለምን እኩል አይፈሉም?

ጠያቂ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። መምህራችን 1-ቡታኖልን፣ 2-ቡታኖልን፣ 2-ሜቲል-1-ፕሮፓኖልንና 2-ሜቲል-2-ፕሮፓኖልን በነጥበ ፍሌታቸው ደርድሩ ብለውናል። እኔ የማውቀው ከባዱ ዘግይቶ እንደሚፈላ ነው። አራቱም ግን 4 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጂንና 1 ኦክስጅን ስላላቸው ሞላዊ ክብደታቸው 74 ነው። በምን ልለያቸው?

አንድ አባል፦ በሃይድሮጂን ቦንድ ነዋ፣ የአንዱ ሞለኪዩል ሃይድሮጂን የጎረቤቱን ኦክስጅን በሚስብበት! አልኮል ሁሉ በእሱ ነው የሚያዘው።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ወንድሜ፣ ቦንዱ እውነት ነው፤ ግን አራቱም አንድ አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን (የተያያዙ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን፣ OH) ስላላቸው በብዛት አይለያዩም። ቦንዱ የሚገልጸው ሌላ ነገር ነው፦ ዳይኤቲል ኤተር ያው ቀመር አለው፤ ሃይድሮክሲል ስለሌለው ግን በ35 ዲግሪ ይፈላል።

ልጄ፣ አንተ ቅርጻቸውን ተመልከት። ቀጥ ያለ እንጨት ለችቦ ሲታሰር ጎን ለጎን ይገጥማል፤ ቅርንጫፍ የበዛበት ጭራሮ ግን እርስ በርሱ እየተገፋ ክፍተት ይተዋል። 1-ቡታኖል ቀጥ ያለው ነው፤ ሞለኪዩሎቹ በደንብ ስለሚገጣጠሙ ለመለያየት ብዙ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ በ117.7 ዲግሪ ይፈላል። ሃይድሮክሲሉን ጫፍ ላይ ትተህ ሰንሰለቱን ብቻ ቅርንጫፍ ብታወጣለት 108 ይሆናል። ሰንሰለቱን ሳትነካ ሃይድሮክሲሉን ወደ ሁለተኛው ካርቦን ብትወስደው 99.5። ሁለቱንም ብታደርግ 82.4! እንግዲህ እዚህ ላይ የሃይድሮክሲሉ ቦታ ከቅርንጫፉ ይበልጥ ይከብዳል፤ ብዙ ተማሪ የሚያየው ቅርንጫፉን ብቻ ነው። በመጨረሻው፣ በ2-ሜቲል-2-ፕሮፓኖል፣ ላይ ሃይድሮክሲሉን ሦስት ሜቲሎች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያላቸው ቡድኖች) ስለከበቡት ጎረቤት ሞለኪዩል እንደልቡ አይጠጋውም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ያንን የመጨረሻውን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ብርዳም ጠዋት ጠርሙሱን ባዘነብለው አልፈስ አለኝ፤ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ተበላሽቷል ብዬ ልደፋው ነበር። ለካ የሚቀልጠው በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው! ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሳቆመው ተመለሰ። ስለዚህ ነጥበ ቅልጠትን በዚሁ ሕግ እንዳትደረድር፤ 1-ቡታኖል የሚረጋው ከዜሮ በታች በ89 ዲግሪ ገደማ ነው። ድቡልቡል ሞለኪዩል ሲፈላ በቀላሉ ይለያያል፣ ሲረጋ ግን ክሪስታል ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይደረደራል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! 1-ቡታኖል፣ 2-ሜቲል-1-ፕሮፓኖል፣ 2-ቡታኖል፣ 2-ሜቲል-2-ፕሮፓኖል ብዬ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ደርድሬአለሁ። አዲስ አበባ ባለው ትምህርት ቤታችን ብንሞክረው ቁጥሩ ይኸው ይሆናል?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ዝቅ ይላል። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠለል ግፊት ነው፤ እዚህ ውሃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ብትሞክሩት ዝቅ ብሎ የሚፈላውን የመጨረሻውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ሌሎቹን በኤሌክትሪክ ምድጃ አሙቁ፤ የእሳት ነበልባል አታስጠጉ።