ከጅማ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራው ርቀትና ሰዓት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው በቦሌ በኩል ዋሽንግተን ደለስ ሊሄዱ ነው። ርቀቱ ምን ያህል ነው? መሄጃውስ ከመመለሻው በሰዓታት የሚረዝመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከጅማ ቦሌ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከቦሌ ደለስ ወደ 11,500 ይደርሳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ለዚህ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ ከነሙሉ ጭነቱ መነሣት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ደለስ ዝቅተኛ ቦታ በመሆኑ ግን በመልሱ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል።

ሌላ መልስ፦ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ሲመለሱ ያግዛል፣ ሲሄዱ ይጋፋል። ከሁሉ በላይ ግን የጅማውንና የደለሱን በረራ በአንድ ቲኬት ይቁረጡላቸው፤ የጅማው ቢዘገይ ቀጣዩን የማስተካከሉ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ቲኬቱ ላይ 22:30 የሚል ካዩም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 ማለት እንደሆነ አስቀድመው ያስረዷቸው።