በእጅ የሚሠሩ የቼዝ ጠጠሮች፦ የተልባ ዘይቱ ይጣበቃል፣ ወይራው ይሰነጠቃል

ጣና_ቼዝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባህር ዳር ለአንድ የሰፈር ክበብ የሚሆን ሙሉ ቼዝ፣ 32 ጠጠር፣ በእጅ እያዘጋጀን ነው። ነጩ ዋንዛ፣ ጥቁሩ ወይራ ነው። አካሉ በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስቀርጽ ማሽን) ይወጣል፤ የፈረሱ ራስ ብቻ በመሮና በቢላ ይቀረጻል። ያስቸገረን ፊኒሽንጉ ነው። የተልባ ዘይት የተቀቡት ሁለት ሳምንት አልፏቸውም እጅ ላይ ይጣበቃሉ። ከወይራዎቹ አንዳንዶቹ መቀመጫቸው ላይ በኮከብ ቅርጽ ተሰነጠቁ። የፈረሱ ጆሮና አፍንጫ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ሲነካው ይረግፋል። ቫርኒሽ ብንቀባ ይሻላል? ስንጥቁን በስቱኮ መድፈንስ ያዋጣል? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩን።

መሮና_ሞረድ፦

ከስንጥቁ ልጀምር፤ እሱ ካልተፈታ የሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። በኮከብ ቅርጽ የሚሰነጠቅ ጠጠር የእንጨቱን መሃል እምብርት ይዞ የተሠራ ነው። ወይራ በአብዛኛው የሚገኘው በቅርንጫፍ መልክ ስለሆነ ክቡን እንጨት እንዳለ ቶርኖ ላይ ማሰር ይቀናል። እንጨት ሲደርቅ ግን በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከቅርፊቱ ወደ መሃል ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። እምብርቱ መሃል ላይ ከቀረ ውጥረቱ መሄጃ ስለሌለው መቀደዱ አይቀርም። ስቱኮ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ይተፋዋል፣ በበጋ ስንጥቁ ተመልሶ ይከፈታል። የተሰነጠቀውን ትታችሁ ሌላ ሥሩ።

መፍትሔው ግንዱን ለአራት ሰንጥቆ እምብርቱን ጠርቦ መጣል ነው። ለንጉሡ ወደ 15 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ግንድ ያስፈልጋል፤ ለወታደሮቹ 10 ሴ.ሜ ይበቃል። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ለንጉሡ 9.5 ሴ.ሜ ቁመት፣ ለንግሥቲቱ 8.5፣ ለፈረሱ 6፣ ለወታደሩ 5 ይላል፤ የመቀመጫው ስፋት ከቁመቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ የንጉሡ መቀመጫ 43 ሚ.ሜ ቢሆን፣ ጥሬ እንጨቱ 48 በ48 ሆኖ 12 ሴ.ሜ ያህል ይርዘም። ከ32ቱ በላይ ስድስት ሰባት ትርፍ ቁረጡ፤ በተለይ ለፈረስ።

ቀጥሎ ማድረቅ። ጥሬውን በቶርኖ ከልኩ 4 ሚ.ሜ አወፍራችሁ አውጡት፤ ሁለቱንም ጫፍ በቀለጠ ሰም ወይም በወፍራም ቪናቪል (ነጭ የእንጨት ሙጫ) ዝጉት፤ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ደርድሩት። ጫፉ የሚዘጋው ውኃ በእንጨቱ ጫፍ በኩል ከጎኑ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ ነው፤ ጫፉ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንድ አንዱን በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልተለወጠ ከአካባቢው አየር ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው። ልኩን በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ፣ ከዚያው እንጨት ቁራጭ መዝኖ 103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማቆየት ነው። 64 ግራም የነበረው 56 ከሆነ፣ 8ን ለ56 ስታካፍሉ 14 በመቶ ውኃ ነበረው። ለቼዝ ይህ ብዙ ነው፤ ከ9 እስከ 11 ሲሆን ጥሩ ነው። ሐይቁ ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም የተቀመጠ እንጨት «ደርቋል» ቢባልም አትመኑ። የመጨረሻውን ልክ በጥርና በየካቲት አውጡ።

መቀመጫውን ደግሞ ጠፍጣፋ አታድርጉት። መሃሉን 1 ሚ.ሜ ጎድጎድ አድርጉ፤ ጠጠሩ በዳር ክፈፉ ይቁም። ጠፍጣፋው እንጨቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሆዱ ይወጣና መንገዳገድ ይጀምራል።

ሰምና_ተልባ፦

ስለ ዘይቱ ልጨምር። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ራሱ ይጠነክራል። አወፍራችሁ ከቀባችሁት ላዩ ቆዳ ይይዝና ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ የእናንተም ችግር ይኸው ይመስለኛል። በካርቶን ወይም በፌስታል ዘግታችሁት ከነበረ ደግሞ ይባስ። ለምግብ የተጨመቀው ጥሬ ተልባ ከፋብሪካው ማድረቂያ ከተጨመረበት ይልቅ በጣም ይዘገያል። ቤት ውስጥ ማፍላት ያንን ማድረቂያ አይተካም፤ እሳት ግን ያስነሳል።

የተጣበቁትን ለማዳን በአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ከዚያ ነፋስና ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ፣ አንድ ሳምንት ይቁሙ።

ለአዲሶቹ ዋናው ሥራ ከዘይቱ በፊት ያለው ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን በ120 ቁጥር ጀምሩ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል)፣ ከዚያ 180፣ 240፣ 320። አንዱን ቁጥር መዝለል ትርፍ የለውም፤ የ120 ጭረት በ320 አይጠፋም፣ ዘይት ሲነካው ጥቁር መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። በየቁጥሩ መጨረሻ ቶርኖውን አቁማችሁ ከእንጨቱ ክር ጋር ወደ ላይና ወደ ታች በእጅ ፈግፍጉ፤ ማሽኑ የሚተወው የዙሪያ ጭረት የሚጠፋው እንዲያ ነው። ከ240 በኋላ ጠጠሩን በእርጥብ ጨርቅ አብሱና ይድረቅ። የተኛው ክር ብድግ ይላል፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበት ያልተላጨ ጺም ይመስላል። ያንን በ320 በቀላሉ ውሰዱት፤ አሁን ካልወሰዳችሁት በኋላ እርጥበት ሲነካው ይነሣል።

የመጀመሪያው ቅብ እኩል ዘይትና አኳራጅ ይሁን። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ላዩ ላይ ምንም እስከማይቀር ጥረጉ። አንገቱ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ የሚያንቀላፋ ዘይት ካለ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ አውጡት፤ መጣበቅ የሚጀምረው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያለ ማቅጠኛ፣ በጣም ስስ። በበጋ በመካከሉ አራት ቀን፣ በክረምት ከሳምንት በላይ ስጡት። መቀመጫውን ቀቡ! ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው፤ እርጥበት የሚገባው ግን በእሱ በኩል ነው።

የመጨረሻው ሰም ነው። አንድ እጅ የተጣራ የንብ ሰም በአራት እጅ ዘይት፣ የፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ። ሰም በ65 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። በሰም ላይ ሌላ ቅብ አይይዝም፤ ስለዚህ ሰሙ የሁሉም መጨረሻ ይሁን። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉ፤ ራሱ ሞቆ ይቀጣጠላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ይህንን ለሚረዷችሁ ልጆች ሁሉ ንገሯቸው።

ዘጌ_ማዶ፦

ስለ ፈረሱ። የሚረግፈው ክሩ በአጭሩ ስለተቆረጠ ነው። ክሩ ከመቀመጫው ወደ ላይ ሲሄድ አንገቱ ይጠነክራል፤ ወደ ፊት የወጣው አፍንጫ ግን ክሩ ተሻግሮት ስለሚያልፍ ይሰበራል። አፍንጫውን ወደ ደረት አስጠጉት፤ ጆሮውን ከ3 ሚ.ሜ አታሳንሱ፣ ሁለቱን ጆሮ ከጋማው ጋር አያይዟቸው። ብርጭቆ ወረቀቱን ቀጭን እንጨት ላይ ለጥፋችሁ ከጆሮው ሥር ወደ ጫፉ ብቻ ግፉ፤ ስትመልሱት ነው የሚነቅለው።

ለነጩም ከዋንዛ የተሻለ አለ። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ይጠቁርና ከወይራው ጋር ይቀራረባል። ቁራጩን በውኃ አርጥባችሁ ብታዩት ዘይቱ የሚሰጠውን ቀለም ከወዲሁ ያሳያችኋል። ዘጌ ላይ ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወጣው ግንድ ነጣ ያለ፣ ክሩ የደቀቀና ጠንካራ ነው። ቀጭን ስለሆነ ከእምብርቱ ጎን ወታደር ይወጣዋል እንጂ ንጉሥ አይወጣውም፤ ፈረሱን ግን የራስና የመቀመጫ ቁራጭ ለየብቻ ሠርታችሁ ብታጋጥሙት ያምራል። ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ክሩ ይጠመዘዛል፣ ሲደርቅም ይጣመማል።

ጣና_ቼዝ፦

እጃችሁ ይባረክ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ጠጠሮቹ ቀላል ስለሆኑ እጅ ሲነካቸው ይወድቃሉ፤ እርሳስ ቢፈስስባቸውስ? ወይራው ባይበቃን ሌላውን እንጨት ማጥቆር ይቻላል?

መሮና_ሞረድ፦

እርሳስ አታቅልጡ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ጠጠሩንም ልጆች ይነኩታል። ብረት ይበቃል። ጥሬው ገና ቶርኖ ላይ ሳለ መቀመጫውን በትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ብሱት፦ ለንጉሥ በ22 ሚ.ሜ ፑንታ (የመብሻ ብረት) 15 ሚ.ሜ ጥልቀት፣ ለወታደር በ14 ሚ.ሜ ፑንታ 10 ጥልቀት። ካለቀ በኋላ ከተበሳ ዳሩ ይፈነጠራል። ዳዶ ወይም ሮንዴላ ደርድሩበትና በኤፖክሲ ሙሉት፤ ከአፉ 2 ሚ.ሜ ይጉደል። ቪናቪል ግን እዚህ አይሆንም፤ ውኃ ስላለበት ዝግ ጉድጓድ ውስጥ አይደርቅም፣ እንጨቱን ከውስጥ ያሳብጠዋል። ከዘይቱና ከሰሙ በፊት ይህን ጨርሱ፤ ሰም የነካው እንጨት ሙጫ አይይዝም። ከሥር የሚለጠፈውን ቆዳ ወይም ፌልት በመጨረሻ፣ ሰም ባላስነካችሁት መቀመጫ ላይ፣ ከመቀመጫው 1 ሚ.ሜ ጠበብ አድርጋችሁ ለጥፉ።

ሰምና_ተልባ፦

ለማጥቆር፦ የዛገ ምስማር አቼቶ ውስጥ ከትታችሁ ለአንድ ሳምንት አቆዩ፤ ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑን አታጥብቁ። የማይዝግ የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ አይሠራም። እንጨቱን መጀመሪያ በጣም ወፍራም ጥቁር ሻይ ቀቡና ይድረቅ፤ ከዚያ የተጣራውን የምስማር አቼቶ ቀቡት። ብረቱ ሻይው ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ዐይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ልዩ ልዩ እንጨት ልዩ ልዩ ጥቁር ስለሚሰጥ ከዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ክሩን የማስነሣቱን ሥራ ግን አስቀድሙ፤ ከጠቆረ በኋላ ከፈገፈጋችሁት ነጩ ይወጣል።

ቫርኒሽን በተመለከተ እኔ ለቼዝ አልመክረውም። በእጅ ሲያዝ ደስ አይልም፣ እርስ በእርሱ ሲጋጭ ይላጣል፣ ለመጠገንም ሙሉውን መፋቅ ይጠይቃል። ዘይትና ሰም የተቀባው በዓመት አንድ ጊዜ ታብሶ በድጋሚ ሰም ይነካዋል፤ በቃ።

ዘጌ_ማዶ፦

እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ከብዙ ልጅ እጅ የሚገባ የክበብ ጠጠር ላብና ቆሻሻ ይበዛበታል፤ ሰም ብቻውን አይበቃውም። ዘይቱ ደርቆ ካለቀ ከሰሙ በፊት ሦስት ጊዜ ስስ ሸላክ (በአልኮል የሚሟሟ ቅብ) ስጡት፦ 12 ግራም በ100 ሚ.ሊ. አልኮል፣ ሌሊቱን ይሟሟ፣ በጨርቅ ይጣራ። በየመሃሉ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በዝናባማ ቀን ወይም በማለዳ አትቀቡ፤ አልኮሉ ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘውና የአየሩ እርጥበት ያርፍበታል፣ ነጭ ጉም መስሎ ይቀራል። ከደረሰባችሁም በደረቅ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ንጹሕ አልኮል ባረጠበው ጨርቅ አንዴ ብቻ በፍጥነት አሳልፉበት፤ ይጠራል።