ከውሻ ጋር የባህር ዳርቻ ላይ መሮጥ፦ ፍጥነቴን ልጠብቅ ወይስ ልተወው?

የማለዳ ሯጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስፋልት ላይ መሮጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ቅዳሜ ግን የሦስት ዓመት ውሻዬን ቡቺን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ የባህር ዳርቻ ላይ ሮጥኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው።

ቡቺ ባህር አይቶ አያውቅም። ማዕበሉ ሲመጣ ፈርቶ ወደ ኋላ ዘለለ። ማዕበሉ ሲመለስ ደግሞ አሳደደው። እንደገና መጣ፣ እንደገና ሸሸ። አምስተኛው ላይ እስከ ሆዱ ገባ። ወጥቶ ውሃውን አራገፈና ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ ዙሪያዬን ይበር ጀመር። እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። እኔም እየሳቅኩ ተከተልኩት።

አሁን ጥያቄዬ። አስፋልት ላይ አስር ኪሎ ሜትር አይከብደኝም። እዚያ ግን ሦስት ሳይሞላ ባቴ ነደደ። ቡቺም ቤት ከገባን በኋላ ተቅማጥ ያዘው። ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሮጥም፤ ሃያ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ያሸታል። ሰዓቴን እያየሁ ስጎትተው ደስታው ይጠፋል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ? ማቆም አልፈልግም።

ሁለት ውሾች፦
ተቅማጡ የባህር ውሃ ስለጠጣ ይመስለኛል። የእኔም አንዷ እንደዚያ ሆና ነበር። ጨው ሲበዛባቸው ሆዳቸው ይበላሻል፤ ብዙ ከጠጡ ለሕይወትም ያሰጋል። ንጹህ ውሃና ጎድጓዳ ሳህን ይዘሽ ውጪ። ከመሮጣችሁ በፊት፣ መሃል ላይ፣ ሲያበቃም አጠጪው። ካስመለሰው ወይም ከተንገዳገደ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ሽማግሌው ሯጭ፦
ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእኔ ውሻ ዳማ አሁን አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። አስር ዓመት አብረን ሮጠናል።

መጀመሪያ የባትሽን ነገር። የሮጥሽው ደረቁና ልሙ አሸዋ ላይ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጥናት አሸዋ ላይ መሮጥ ከጠንካራ መሬት 1.6 እጥፍ ያህል ጉልበት እንደሚጨርስ ለክቷል። እግርሽ በሰመጠ ቁጥር አሸዋው ይሸሻል፣ ጉልበትሽ እዚያው ይቀራል። ውሃው ገና የተወው፣ ጠቆር ያለው አሸዋ ግን ይጸናል፤ በቅንጣቶቹ መሃል የቀረው ጥቂት ውሃ ያያይዛቸዋል። ስለዚህ ባህሩ ሲጎድል ውጪ። በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። እኔ ይህን ሰዓት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ። ዳማ ብዕሩን ሳነሳ ታውቃለች፣ በሩ ጋ ትቆማለች።

ዳርቻው ወደ ውሃው ያዘነበለ ስለሆነ ስትሄጂ አንዱ እግርሽ ዝቅ ይላል። በሄድሽበት ተመለሽ፣ ሌላው ተራውን ያገኛል።

ሙቀት ላይ ግን አደራ። ውሻ እንደ እኛ በመላ አካሉ አያልበውም፤ የሚበርደው በማለክለክ ነው። አሸዋው ላይ የእጅሽን ጀርባ አስቀምጪ፤ ሰባት ሰከንድ ካልቻልሽ የእሱም መዳፍ አይችልም። አንድ ጊዜ ረፋድ ላይ አውጥቻት መዳፏ ተላጠ። ያን ቀን ተሸክሜያት ነው የተመለስኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የምንወጣው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ፣ መቆሙ። ተይው፣ ይቁም። በአፍንጫው ውስጥ እስከ 300 ሚሊዮን ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፤ እኛ 6 ሚሊዮን ያህል ነው ያለን። ማዕበሉ ሌሊቱን የባህር አረሙን፣ ዛጎሉን፣ የዓሣውን አጥንት ሲያመጣ አድሯል። ለእሱ ዳርቻው በየቀኑ አዲስ ነው። እኔ ዳማ ስትቆም እቆማለሁ፤ ስትነሳ እነሳለሁ። በፍጥነት መሮጥ ስፈልግ ብቻዬን አስፋልት ላይ እወጣለሁ። ዳርቻው የእሷ ነው።

ሁለት ውሾች፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ልጨምር፦ ጄሊፊሽ (አጥንት የሌለው፣ ዝልግልግ የባህር እንስሳ) ሞቶ ዳር ላይ ቢገኝም ይናደፋል፤ አያሸተው። ሲያበቃ መዳፉንና ሆዱን በንጹህ ውሃ እጠቢው፣ ጨው ሲደርቅ ቆዳውን ያሳክከዋል። ውሻ መፍታት የሚፈቀድበት ቦታ መሆኑንም አረጋግጪ፤ ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት ገመዱን አትፍቺ።

የማለዳ ሯጭ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ።

ዛሬ ባህሩ ሲጎድል፣ ገና ሳይነጋ ወጣን። ሰዓቴን ቤት ትቼ ሄድኩ። እርጥቡ አሸዋ ላይ እግሬ አልሰመጠም። ቡቺ አንድ የአረም ክምር ጋ ደርሶ ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ለረጅም ጊዜ አሸተተ። እኔ ደግሞ ፀሐይዋ ከውሃው ስትወጣ አየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ተፈተለከ፤ ተከተልኩት። ስንመለስ የሄድንበትን ዱካ አገኘነው፤ የእኔ ቀጥ ያለ፣ የእሱ ደግሞ በግራም በቀኝም እየተጠማዘዘ የሚያቋርጠው። ማዕበሉ ገና አልነካውም ነበር።

ጋሼ፣ ዳማ ዛሬም ትወጣለች?

ሽማግሌው ሯጭ፦
ትወጣለች ልጄ። መሮጡን ትታለች። ቀስ ብለን እስከ ውሃው እንሄዳለን፤ የፊት እግሮቿን ነክራ ትቆማለች። እኔም ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ እቆማለሁ።